ስለ ባለቤቴ ቀኝ እጅና ስለ ፋብሪካችሁ ሽጉጥ

ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ
ሚያዝያ 1987 እ.ኤ.አ.

ለሽጉጥ ፋብሪካው የደንበኞች ጉዳይ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ ጤና፣ ይልቁንም ለሁለቱ እጆችዎ ጤና ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። ጣቶችዎ እስክሪብቶ ለመጨበጥ፣ ሸሚዝ ለመቆለፍና የቤትዎን በር ለመክፈት ዘወትር ይታዘዙልዎ።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ በመጻፌ እንዳይቀየሙኝ እለምናለሁ። በእንግሊዝኛ ሦስት ጊዜ ጽፌልዎ ሦስት ጊዜ መልሰውልኛል፤ ከመልሶቹ እንደተረዳሁት ግን ደብዳቤዬን ያነበበው ሰው የለም። ስለዚህ በማያውቁት ቋንቋ ብጽፍልዎ የሚጎድልብዎ ነገር አይኖርም። ደብዳቤው የሚወጣው በኮሚዩኒቲያችን ጋዜጣ ስለሆነ፣ የእርስዎን ሽጉጥ ለመግዛት ያሰቡ የአገሬ ልጆች ያነቡታል። ለእነሱም የሚጠቅማቸው ይመስለኛል።

እጅጋየሁ አምሐ እባላለሁ። ከባለቤቴ ከተክለጻድቅ ጋር በቴሌግራፍ ጎዳና፣ ቴሜስካል ሰፈር፣ ወተትና ዳቦ፣ ሲጋራና የሎተሪ ትኬት የምንሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችን። ባለፈው ክረምት በሰፈራችን ሁለት ሱቆች ተከታትለው ሲዘረፉ እኛም መሳሪያ ለመግዛት ሄድን። ሻጩ ሁለት ሽጉጦች ጎን ለጎን አስቀመጠልን፤ አንደኛው ውድ፣ ሁለተኛው የእናንተ። ሕጉ የሚያዘውን አሥራ አምስት ቀን ጠብቀን የእናንተን ተረከብን። ሻጩ ጥይቱን ሞላልን፤ ተክሌም ከካውንተሩ ሥር አኖረው።

በኅዳር ወር አንድ ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ቡናማ ጃኬት የለበሰ ሰው ገብቶ ባለቤቴ ላይ ሽጉጥ ደገነና ካሹን እንዲያወጣ አዘዘው። እኔ ከኋላ ሆኜ ወተት ወደ ፍሪጅ እየደረደርኩ ነበር። ተክሌ በግራ እጁ የገንዘቡን ሣጥን ሲከፍት ቀኝ እጁን ወደ ታች ሰደደ። ሽጉጣችሁ አንድ ጊዜ ተኮሰ፤ ጥይቱም የዳቦውን መደርደሪያ መታ። ተክሌ ሁለተኛ ቃታ ሲስብ ሽጉጡ ነከሰ፤ ባዶው ቀለህ መውጫው ላይ ተሰንቅሮ ቀረ። የሰውየው ሽጉጥ ግን አልነከሰም። ሁለት ጊዜ ተኩሶ፣ በአንዱ የተክሌን ቀኝ ክንድ ከብብቱ ዝቅ ብሎ መታው፤ ከዚያም ምንም ሳይወስድ ሮጦ ወጣ።

እኔ የወተት ጋሎን በእጄ ይዤ ነበር። መጀመሪያ ጋሎኑን በቦታው አስቀመጥኩ፤ የፍሪጁን በር ዘጋሁ፤ ከዚያ ወደ ባለቤቴ ሄድኩ። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሐኪሞቹ ነርቩ ስለተቆረጠ የቀኝ እጁ ጣቶች ከእንግዲህ እንደማይጨብጡ ነገሩን። ይህን ሁሉ አስቀድሜ በዝርዝር ጽፌልዎ ነበር። አሁን ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። የመጀመሪያው ደብዳቤዎ ምርታችሁን ስለመረጥን አመስግኖናል፤ ከቆዳ የተሠሩ የሽጉጥ ማኅደሮች ሥዕል ያለበት ባለቀለም ዝርዝርም ተያይዞ ነበር። ደብዳቤውን የከፈትኩት ሆስፒታል ውስጥ፣ ባለቤቴ ለሁለተኛ ጊዜ ቀዶ ጥገና ሲደረግለት ደጅ ተቀምጬ ሳለ ስለሆነ፣ የማነበው ነገር በመስጠትዎ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ሁለተኛ። በሁለተኛው ደብዳቤዎ፣ አዲስ ሽጉጥ እንደ አዲስ ጫማ እስኪላመድ ድረስ ሁለት መቶ ጥይት ሊተኮስበት እንደሚገባ አስረድተውኛል። ይህን ከሣጥኑ ላይ ጽፋችሁት ቢሆን ኖሮ ሌባውን በትሕትና ሌላ ቀን እንዲመለስ እንለምነው ነበር። በችኮላው ምክንያት ስለተፈጠረው መጉላላት በእሱ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሦስተኛ። ሦስተኛው ደብዳቤዎ የደረሰው በየካቲት ነው። ተኳሹ አጥብቆ ካልያዘውና የእጁ አንጓ ከላላ ማንኛውም ሽጉጥ ሊነክስ እንደሚችል፣ ስለዚህም ጉድለቱ የመሳሪያው ሳይሆን የእጁ እንደሆነ ገልጸዋል። ይህን ደብዳቤ እኔ ከሱቅ ሳልመለስ ባለቤቴ ከፍቶ አነበበው።

ተክለጻድቅ በአዲስ አበባ ማተሚያ ቤት የወረቀት ጥቅል ይሸከም የነበረ፣ እዚህ ከመጣን በኋላም ሄይዋርድ በሚገኝ መጋዘን አራት ዓመት ሣጥን ሲያወርድ የኖረ ሰው ነው። ያን ቀን ስገባ ደብዳቤዎን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አገኘሁት። ቀና ብሎም ሳያየኝ «እጄ ነው እንግዲህ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣ፤ ሱቅ መምጣቱንም ተወ። እንግዳ ሲመጣ ቀኝ እጁን በግራው ይሸፍነዋል። ጥይቱ ያላደረገውን ደብዳቤዎ አደረገ፤ በአጻጻፍ ችሎታዎ መደነቄን ሳልገልጽ አላልፍም።

ሽጉጡን ለመፈተን የተነሣሁት በዚህ ምክንያት ነው። ሰውየው ተይዞ፣ ጥፋቱን አምኖ ተፈርዶበት ስለነበር ፖሊስ ሽጉጡን መልሶልኛል። በሳን ሆሴ አንድ የተኩስ መለማመጃ ውስጥ ሻምበል ገብረክርስቶስ የሚባሉ፣ በንጉሡ ጊዜ በጦር ሠራዊት መሳሪያ ያስተምሩ የነበሩ ሽማግሌ አሁን ቀለህ እየጠረጉ ተኳሾችን ይቆጣጠራሉ። ሄጄ ነገሩን አስረዳኋቸው። ሽጉጡን አገላብጠው አይተው፣ «ልጄ፣ ለምን ትደክሚያለሽ? ይኼ እኮ ሲታይም ያስታውቃል» አሉኝ። እኔም «ለእኔ ሳይሆን ለተክሌ ነው፤ ተቆጥሮ ካልተነገረው አያምንም» አልኳቸው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ እኔ ራሴ ተኮስኩ። በሕይወቴ ቃታ ስቤ አላውቅም። ሻምበል አያያዙን አሳይተውኝ ሃምሳ ጥይት ተኮስኩ፤ ዘጠኝ ጊዜ ነከሰ። እፈራለሁ ብዬ ነበር፤ አልፈራሁም። ምንም አልተሰማኝም። ሲነክስ በደብተር ላይ ጭረት አደርጋለሁ፤ ሻምበል ያስለቅቁታል፤ እቀጥላለሁ።

የሴት እጅ ነው እንዳይሉኝ በሁለተኛው ቅዳሜ ሻምበል ሃምሳ ተኮሱ፤ ስምንት ጊዜ። የሽማግሌ እጅ ነው እንዳይሉኝ በሦስተኛው ቅዳሜ የመለማመጃው ባለቤት ሬይ፣ ቁመቱ ከበር የሚተርፍ፣ መዳፉ አካፋ የሚያህል ሰው፣ ሃምሳ ተኮሰ፤ አሥር ጊዜ። በአራተኛው ቅዳሜ ሽጉጡ ተፈትቶ ተጠርጎና ዘይት ተቀብቶ፣ በደብዳቤዎ የመከሩትን ዓይነት ጥይት ገዝተን ሃምሳ ተኮስን፤ ሰባት ጊዜ። የታዘዘው ሁለት መቶ ሞላ፤ ሠላሳ አራት ጊዜ ነከሰ። ጫማው ተላምዶ ማለቁ ነው።

ማታ ደብተሩን ለተክሌ አሳየሁት። አንብቦ መለሰልኝና «ሁላችሁም ለእኔ ብላችሁ ላላ አድርጋችሁ ይዛችሁት ይሆናል» አለ። ይህን ለሻምበል ስነግራቸው «ቅዳሜ ይዘሽው ነይ» አሉኝ።

አልመጣም አለ። ለመንኩት። መጨረሻ ላይ እጅጌውን እንዳስተካክልለት ክንዱን ሰጠኝ፤ መስማማቱ እንደሆነ ገባኝ።

ሻምበል በመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ትልቅ የብረት ሞርሳ፣ ዕቃ ቆንጥጦ የሚይዝ መሣሪያ፣ በብሎን አስረው ቆዩን። የሽጉጡን እጀታ በቆዳ ጠቅልለው በሞርሳው አፍ ውስጥ አስገቡ፤ ሬይም እስኪያቃስት ድረስ ሞርሳውን አጠበቀው። ከዚያ ተክሌን በክብር ጠርተው «ና፣ ነቅንቀው» አሉት። ተክሌ በግራ እጁ ሞከረ፤ ጠረጴዛው እንጂ ሽጉጡ አልተነቃነቀም። ሻምበል በአንዲት ጣት ብቻ ቃታውን ሳቡ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ላይ ነከሰ። ቀለሁ መውጫው ላይ፣ ልክ እንደዚያ ቀን፣ ተገትሮ ቆመ።

ተክሌ ጎንበስ ብሎ ቀለሁን ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ «ሻምበል፣ እባክዎ አንዴ ይድገሙልኝ» አላቸው። ደገሙለት፤ በሁለተኛው ጥይት ነከሰ። እንደገና ደገሙለት፤ በአምስተኛው። ተክሌ የጆሮ መሸፈኛውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረና «ይበቃል» አለ። የሻምበልን እጅ ሊጨብጥ ቀኝ እጁን ዘረጋ። ከተመታ ወዲህ ለሰው ሲዘረጋው ይህ የመጀመሪያው ነው። ሻምበል ያችን የማትጨብጥ እጅ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ያዟት።

አራተኛ። አራተኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም፤ በሌላ ቦታ መጻፍ የነበረበት ቢሆንም ሌላ ጋዜጣ የለንም። ከሁለቱ ሽጉጦች ርካሹን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ውዱን አንሥቶ ሲያይ «ለማስፈራሪያ ምን ያደርጋል፣ ይኼኛው ይበቃናል» አልኩት። ይህን ከኅዳር ጀምሮ በአፌ ይዤው ነበር። ከዚህም በላይ፣ ጉዳዩን የያዘው ዲቴክቲቭ ሰውየው በቃሉ ምን እንዳለ ነግሮኛል፤ ገንዘቡን ይዞ ሊወጣ እንደነበርና የተኮሰውም ተክሌ ሽጉጥ ሲያወጣበት ደንግጦ እንደሆነ። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም። እውነት ከሆነ ግን፣ ሽጉጣችሁ ቢሠራ ኖሮ ሰው እንገድል ነበር፤ ባይኖረን ኖሮ ደግሞ ከወተት ሽያጭ የተገኘ ጥቂት ብር እናጣ ነበር። ከሦስቱ የከፋውን፣ ግማሽ የሚሠራውን፣ መርጬ የገዛሁት እኔ ነኝ።

ከሳን ሆሴ ስንመለስ ፍሪዌይ ላይ፣ ሄይዋርድን እንዳለፍን፣ ይህን ሁሉ ለተክሌ ነገርኩት። የዲቴክቲቩንም ጭምር። መንገዱን እያየ አዳመጠኝ። በመጨረሻ «እጅጉ፣ ሽጉጥ መደብሩ ውስጥ እኮ ሁለታችንም ነበርን» አለኝ። ማልቀስ የነበረብኝ ያኔ ይመስለኛል፤ አልመጣልኝም። መብራቴን አሳይቼ ወደ ቀኝ መስመር ገባሁ። ወደ ጎኔ ስዞር ተክሌ አንገቱን መስኮቱ ላይ ጥሎ ተኝቷል። ቤት ስንደርስ አልቀሰቀስኩትም፤ ሞተሩን አጥፍቼ እስኪነቃ ሁለት ሰዓት ያህል መኪናው ውስጥ ተቀመጥኩ።

ሰኞ ዕለት ሱቅ መጣ። በግራ እጁ መልስ መስጠት እየተለማመደ ነው፤ ሰልፉ ይረዝማል፤ ደንበኞቻችን ይታገሣሉ።

ክቡር ሆይ፣ ገንዘባችንን እንዲመልሱልን አልጠየቅሁም፤ አሁንም አልጠይቅም። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለባለቤቴ ስሙን ጠርተው፣ ጥፋቱ የእጁ እንዳልነበረ የሚገልጽ አንድ መስመር በራስዎ እጅ ጽፈው ይላኩለት። ፊርማዎ እስካሁን በሦስቱም ደብዳቤዎች ላይ በማተሚያ የታተመ ነውና፣ እስክሪብቶ መያዝ የሚያስቸግርዎ ከሆነ ችግሩን ከማንም በላይ እንረዳለን።

ለሰጡን ትኩረት፣ ላስተማሩን ትዕግሥትና በቸርነትዎ ላሳለፉን አምስት ቅዳሜዎች ሁሉ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ የፋብሪካዎ ታማኝና ዳግመኛ የማትገዛ ደንበኛ ሆኜ እቀራለሁ፣

እጅጋየሁ አምሐ
ባለሱቅ፣ ቴሜስካል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከሽጉጡ ሣጥን ውስጥ ተሞልቶ የሚላክ ካርድ አግኝቻለሁ። ምርታችሁን ለወዳጄ እመክር እንደሆነ ይጠይቃል። ለወዳጄ አልመክርም። ሊዘርፈኝ የሚመጣ ሰው መሳሪያ ቢያማርጥ ግን ከእናንተ ሌላ እንዳይገዛ በሙሉ ልብ እመክረዋለሁ፤ ይህንኑ በካርዱ ላይ ጽፌ ልኬልዎታለሁ።