የዘሩን መጋዘን ቁልፍ ይዘው ለሄዱት ክቡር እንደራሴያችን

መካነ ሰላም፣ ግንቦት ፮ ቀን ፲፱፻፷፮ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ መለሰ አራጌ
በሕግ መምሪያ ምክር ቤት የአውራጃችን ሕዝብ እንደራሴ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፤

ብዕሬን ያነሣሁት ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ይኸውም በመካነ ሰላም ገበያ ዳር፣ በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበት የሚገኘው የእርዳታ ዘር፣ የገብስ መዝሪያ ጊዜ ሳያልፍ ለገበሬው እንዲታደል በጽሑፍ ያዝዙልን ዘንድ ለመጠየቅ ነው። ጉዳዬን ካስታወቅሁ በኋላ ጨዋነት የሚያዝዘውን ሰላምታ አስከትላለሁ፦ ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? የምክር ቤቱ ወንበር ወገብዎን አላሳመመዎትም? የአዲስ አበባ አየርስ ተስማምቶዎታል? እኛ፣ ማለትም ከመካከላችን የተረፍነው፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደኅና ነን።

እኔ በአውራጃው ፍርድ ቤት ለብዙ ዘመን ጸሐፊ ሆኜ ያገለገልሁ ጡረተኛ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው አቤቱታ ስጽፍ ኖሬ የራሴን ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በግል የላክሁልዎት ጽሑፍ መልስ ስላላገኘ፣ ጋዜጦችም ከየካቲት ወዲህ የተራውን ሰው ቃል ማተም ስለ ደፈሩ፣ ይህኛው አገር እያነበበው እንዲደርስዎት መርጫለሁ። ምስጋናዬንና ቅሬታዬን ለያይቼ ማቅረብ ስላልቻልሁ ሁለቱንም በአንድነት በተራ ቍጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። «ሕዝቡን በቅርብ ለማገልገል» ብለው በከተማችን ስለ ከፈቱልን የሕዝብ ማነጋገሪያ ጽሕፈት ቤት ምስጋናችን ወሰን የለውም። ሰሌዳው እጅግ ያምራል። በሩ ከተመረቀበት ቀን ጀምሮ ተከፍቶ ስላላየነው የውስጡን ውበት ለመመስከር አልታደልንም፤ ነገር ግን ጉዳይ ያለው ሰው ሁሉ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሰሌዳውን ሲመለከት ይውላል፤ ማንበብ ለማይችለውም እኔ አነብለታለሁ። በሰሌዳው ላይ ባለቤቱና ማሰሪያ አንቀጹ መጣላታቸውን ግን፣ ከዚህ የባሰ ጠብ ስላለብን፣ ለሌላ ጊዜ አቆየዋለሁ።

ሁለተኛ። ባለፈው ዓመት፣ ከቆላ የተሰደደው ሕዝብ በየመንገዱ ዳር ወድቆ በሚቀርበት ወራት፣ ክቡርነትዎ ስለ ጤናማ አመጋገብ የታተመ የምክር ወረቀት ልከውልን ነበር። እንቍላል፣ ወተት፣ ሥጋና ብርቱካን ማዘውተር እንደሚገባን ከዚያ ተረድተናል። ምክሩን በሙሉ ልብ ተቀብለናል፤ የጎደለን ምግቡ ብቻ ነው። በገበያው ጨው የሚቸረችሩት ወይዘሮ ሀሊማ፣ ወረቀቱን ጮክ ብዬ ሳነብ ሰምተው፣ «ጋሼ ንጉሡ፣ ወተቱ ከምሳ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ላሟማ ከተሸጠች ዓመቷ!» ብለው ጠይቀውኛል። ወረቀቱ ይህን ስለማያብራራ ጥያቄያቸውን ወደ ክቡርነትዎ አስተላልፌዋለሁ።

ሦስተኛው ረዘም ስለሚል ይታገሡኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ከአገርዎ ከወጡ ብዙ ዘመን ስለ ሆነ፣ በእኛ ዘንድ ቅሬ የሚባል ማኅበር መኖሩን ዘንግተውት ይሆናል። ቅሬ ክርስቲያኑና እስላሙ ሙታኑን በጋራ የሚሸኝበት ማኅበር ነው። የቅሬው ጠሪ በማለዳ ከጉብታው ላይ ሆኖ «ቅሬ ውጣ!» ብሎ ከተጣራ፣ ገበሬው ሞፈሩን ጥሎ፣ ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ይወጣል። የቀረ ስለሚቀጣ፣ ማን እንደ ሞተ እንኳ ሳይጠይቅ አካፋውንና ቃሬዛውን ይዞ ይገሰግሳል። በሚያዝያ መጀመሪያ ክቡርነትዎ ሊጎበኙን በመጡ ጊዜ በከተማችን ያስቀመጡት ወኪልዎ፣ ሕዝቡ እንዳያንስብዎት ሠግቶ፣ ጠሪው በቅሬ ጥሪ እንዲጠራን አዘዘው።

እንግዲህ መኪናዎ ገበያው መካከል ሲቆም የከበበዎት ሕዝብ ሊቀብር የወጣ ሕዝብ ነበር። ወንዱ አካፋ ይዞ፣ ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ እኔም ጥቍር ካባዬን ደርቤ ቆመን ነበር። ክቡርነትዎ እግርዎ መሬት ከመርገጡ ወይዘሮ ሀሊማ «ዋይ ወንድሜን!» ብለው ልቅሶውን አስነሡት። አጠገባቸው የነበረች ሴት «እቴ ሀሊማ፣ ለመሆኑ የሞተው ማን ነው?» ብትላቸው፣ «እኔ ምን አውቄ! የዚህ በመኪና የመጣው ሰውዬ ዘመድ ነው መሰል። ይልቅ አልቅሺ፣ ሰው እያየሽ ነው!» አሏት። ክቡርነትዎም ባርኔጣዎን አንሥተው ሰላምታ ሰጡን። ስለ ዕድገት ያደረጉትን ንግግር፣ ኀዘንተኛ ሲናገር ማቋረጥ ነውር ስለ ሆነ፣ አንገታችንን ደፍተን እስከ መጨረሻው አዳመጥን። ከዚያም እንደ ወጉ ተሰልፈን እጅዎን እየጨበጥን፣ ገሚሳችን «እግዜር ያጥናዎ»፣ ገሚሳችን «አላህ ሶብሩን ይስጥዎ» ስንልዎት፣ ክቡርነትዎ ፈገግ ብለው «እናንተንም፣ እናንተንም!» እያሉ መለሱልን። የቅሬያችን ዳኛ ሼህ ጀብሪል ሊያጽናኑዎት «መቼም ሁላችንም ሂያጆች ነን» ቢሉዎት፣ «አዎን፣ እኔም ነገ ጠዋት እነሣለሁ» ብለዋቸዋል። በሳምንቱ «የአውራጃው ሕዝብ በደስታ እንባ ተቀበለኝ» ማለትዎን በጋዜጣ አነበብን። እንባው እውነተኛ እንደ ነበር እኔም እመሰክራለሁ።

አራተኛ። ያን ዕለት ዘሩ ሊታደል ነበር። ገበሬው ባለፈው ረኀብ ዘሩን ሳይቀር ስለ በላ፣ ከደሴ በጭነት መኪና የመጣውን የገብስ ዘር ሲያይ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ነበር። ይሁን እንጂ ፎቶግራፍ አንሺው የተሳፈረበት መኪና አቀስታ ላይ ስለ ተሰበረ፣ ክቡርነትዎ ያለ ፎቶግራፍ የሚደረግ እደላ ተገቢ እንዳልሆነ ገልጸው፣ ምክር ቤቱ ለክረምት ሲዘጋ ተመልሰው በገዛ እጅዎ እንደሚያድሉ ቃል ገብተው፣ ቁልፉን በኪስዎ ይዘው ሄዱ። ወኪልዎን ብንለምነው «ፊርማቸውን ካላየሁ እንኳን በሩን ግድግዳውን አልነካም» ይለናል። እስከ አሁን ድረስ ያለ ፊርማና ያለ ፎቶግራፍ የታደሉት አይጦች ብቻ ናቸው።

አምስተኛ። በዚህ ላይ የምቀልደው የለኝም። ክቡርነትዎ በሄዱ በሳምንቱ በለጡ የሚባል ጎረቤታችን በተስቦ ሞተ። ጠሪው ወጥቶ «ቅሬ ውጣ!» አለ። ሰው ግን አልወጣም። በየቤቱ «ሰውዬው ደግሞ ተመልሰው መጡ እንዴ? አሁንስ ወረቀት ሊያበሉን ነው?» እየተባባለ ተቀመጠ። ባለቤቱ እታገኘሁ ሬሳውን ዘርግታ፣ ልጆቿን ከጎኗ አስቀምጣ፣ ወደ ጉብታው መንገድ እያየች ዋለች። በዚህ አገር ከረኀቡ ዘመን በቀር ሬሳ ሰው አጥቶ አያውቅም ነበር፤ በረኀቡም ቢሆን ሰው የጠፋው አቅም አጥቶ እንጂ ጥሪውን ጠርጥሮ አልነበረም። እውነቱ ሲታወቅ ሁላችንም እየሮጥን ደረስን፤ ነገር ግን ቀኑ መሽቶ ነበር፤ እርሷም አንዳችንንም ቀና ብላ አላየችንም።

ቅሬው ከኀፍረቱ የተነሣ የሟቹን መሬት በጋራ አረሰላት። ያለችን ጥቂት በሬ ተጠማምዳ፣ ሼህ ጀብሪል ራሳቸው ሞፈር ጨብጠው፣ እርሻው ሁለት ጊዜ ታርሶ ለስልሷል። የቀረው ዘር ነው። እታገኘሁ በየማለዳው መጥታ በመጋዘኑ ጣራ ክፈፍ ሥር ትቆማለች፤ ማንንም አትለምንም፤ ቆማ ትመለሳለች። ክቡርነትዎ የሚመለሱት ምክር ቤቱ ሲዘጋ፣ በሐምሌ ነው። የደጋ ገብስ ግን በሰኔ መባቻ ካልተዘራ በጥቅምት ውርጭ ተመትቶ ገለባ ሆኖ ይቀራል፤ እነዚያ ልጆችም ዘንድሮ የሚበሉት ከዚያ እርሻ በቀር የላቸውም። ገብስ የምክር ቤቱን የዕረፍት ጊዜ እንደማያውቅ ክቡርነትዎ ይረዱታል ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ መጋዘኑ እንዲከፈትና ዘሩ በቅሬዎቹ ዳኞች እጅ ለገበሬው እንዲታደል የሚያዝዝ፣ ፊርማዎ ያረፈበት የጽሑፍ መልስ እስከ ግንቦት ፳፭ ቀን ድረስ እንዲደርሰን በትሕትና እጠይቃለሁ። የቃል ተስፋ በብዛት ስላለን አያስፈልገንም። መልስዎ አጭር ቢሆን አልቀየምም፤ ማሰሪያ አንቀጹ «ይከፈት» ከሆነ ሌላውን ስሕተት ሁሉ ይቅር እላለሁ።

ክቡርነትዎ ስለ ዋሉልን ሳይሆን ሊውሉልን ስላሰቡት ውለታ ሁሉ ባርኔጣዬን አንሥቼ፣ ሕዝብዎ በሥራዎ ልክ ያከብርዎት ዘንድ እየተመኘሁ፣ ከአክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ንጉሡ አበቡ
የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበረ፣ አሁን ጡረተኛ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ቁልፉን በፖስታ ለመላክ እንዳይቸገሩ። የመጋዘኑን በር የገጠመው አናጺ የቅሬያችን አባል ሲሆን፣ ማጠፊያዎቹን በውጭ በኩል እንደ መታቸው፣ በሩም ያለ ቁልፍ ተነቅሎ እንደሚነሣ ትናንት በስብሰባ ላይ አስታውሶ ነግሮናል። መልስዎ በተባለው ቀን ካልደረሰን፣ በማግስቱ ጠዋት ፎቶግራፍ አንሺውን ብቻ ይላኩልን፤ የሚያነሣው አያጣም።