ዘጠና ስድስት ሴንቲ ሜትር

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ስለ መፈንቅል አስተማርኩ። "ክንዱ ሲረዝም ጉልበት ይቆጥባል" ስል ሃያ አራቱም ተቀብለው ደገሙልኝ። "እቤታችሁ የት አይታችሁታል?" ብል... ጭጭ። አፉ የማይዘጋው ወሬኛው ልጅ እንኳ ደብተሩን ማገላበጥ ያዘ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆኖ ይሆን?

ዳቦ ቆሜ በላሁ። ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ ከሰው ጋር አልተነጋገርኩም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ርዕሰ መምህሯ ፈቀደች። ተማሪዬ ነበረች፤ አሁን አለቃዬ ናት። ሐሙስ ሐሙስ አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ልጆቹ ነድፈው እንዲሠሩ። "አራት ሳምንት ብቻ! እቤት የሚያገለግል ነገር ካላሳዩኝ ሰዓቱን ለሒሳብ እመልሰዋለሁ።"

ጀሪካን መረጥኩ። ሙሉ ጀሪካን ሳያነሱ አዘንብሎ የሚያስቀዳ ነገር። ይቺ ሰዓት ከተወሰደችብኝ ሳምንቱን በምን እገፋዋለሁ?

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ናሙናውን እቤት ሠራሁ። አራት እግር፣ መሀል ላይ የሚዞር ብረት፣ ረጅም እጀታ። አንዷ ሚስማር ጎብጣ ገባች፤ ተውኳት። የእጀታውን ከፍታ ሳልለካ ነው የቆረጥኩት፤ እጄ ያውቀዋል። ሲያልቅ ሜትር አስጠጋሁ፤ ዘጠና ስድስት። ጀሪካኑ በሁለት ጣት ተዘነበለ! "አየሽ?" አልኩ ጮክ ብዬ። ማንን ነው...?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ልጆቹ ናሙናውን እየተጋፉ አዩት፣ ለኩት። በስድስት ቡድን ከፈልኳቸው። "የራሳችሁን ንደፉ" አልኩ። ክፍሉ በመዶሻ ድምፅ ተሞላ። ደስ አለኝ፣ የእውነት ደስ አለኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ስድስት ማዘንበያ ቀረበ። ስድስቱም አንድ! የጎበጠችውን ሚስማሬን እንኳ፣ በዚያው በግራው እግር ላይ፣ አጉብጠው መትተዋታል።

"ይቺን ለምን አጎበጣችኋት?"

"ቲቸር፣ ለጥንካሬ መስሎን ነዋ!" አለ ወሬኛው።

ሳቅኩ። እቤት ስገባ ግን የምነግረው ሰው አጣሁ። ማዘንበያዎቹን ለሙከራ ወደየቤታቸው ወስደዋል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ጉድ ፈላ።

"አያቴ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ነው የምትቀዳው፤ እጀታው ግንባሯ ላይ ሆነባት።"

"ታናሼ ተንጠላጠለበት፤ ከነጀሪካኑ ወደቀ።"

"አባቴ ኮት መስቀያ አደረገው።"

ከፊት የምትቀመጠዋ፣ "ወይዘሪት ለምን" የምንላት፣ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ዘጠና ስድስት ያደረጉት በማን ለክተው ነው?"

ዝም ልል ነበር። አመለጠኝ። "በባለቤቴ። ማድ ቤት ስትቆም ክርኗ እዚያ ጋ ነበር። ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት።"

ልጅቷ ቀስ ብላ፣ "እሳቸው እያሉ ሠርተውላቸው ነበር?"

አልሠራሁላትም። "ትከሻዬን አመመኝ፤ እስቲ ያዝልኝ" ስትል የፈተና ወረቀት እያረምኩ "መጣሁ" እላለሁ። እስክነሳ ቀድታ ጨርሳለች። አንድ ቀን እንኳ የቱ ጋ ነው የሚያምሽ አላልኳትም። ይህን ለልጆቹ አልነገርኳቸውም። የመለስኩላቸው "አይ" ብቻ ነው።

ናሙናውን ፊታቸው ነቃቀልኩት። "ሂዱና የሚቀዳውን ሰው ጠይቁ። ክርኑን ለኩ። መዶሻ የምታነሱት ከዚያ በኋላ ነው።"

ዛሬ አለቀስኩ። ከቀብሯ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ስድስት መጣ፤ አንዱ ከሌላው አይገናኝም። ለአያትየዋ ዝቅ ያለ፣ ቁጭ ብላ በእግሯ የምትረግጠው። ለታናሽየው በገመድ የሚጎተት። ርዕሰ መምህሯ ልታይ መጣች፤ የወሬኛው ተገልብጦ ጫማዋን አጠበው። "ሰዓቱ ይቀጥል፤ እኔ ግን ከሩቅ ነው የማየው" አለች።

ሁሉም ሲወጡ "ወይዘሪት ለምን" ቀረች። "ቲቸር፣ እርስዎስ ማንን ጠየቁ?"

ማንን?

እቤት እንደደረስኩ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ፣ ሜትሬን ይዤ የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ እንደኔው ብቻቸውን ናቸው። ስንት ዓመት ግድግዳ ተጋርተን ከ"ደህና ዋሉ" አልፈን አናውቅም።

"ውሃ ሲቀዱ... የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?"

እንደ እብድ አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ወገባቸው ሰደዱ። "ግባ። ይሄ ቆመው የሚያወሩት አይደለም።"

አንድ ሰዓት ተኩል ቆየሁ። ክርናቸው ሰማንያ ስምንት ሴንቲ ሜትር።