የግራ መንጋጋዬ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። ጠዋት 1 ሰዓት።
ጥርሴን ያስጨረሰችኝ ዘይነባ ናት። ጣውንቴ። ደብተሬ፣ አንተም እወቅልኝ። ባላችን የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ የቤተሰብ ሕክምና ካርዱ እሷ ቤት ተቀመጠ። የእሷን ጥርስ ሐኪም ሞላላት። የእኔን አንድ ሰውዬ በጉጠት እየነቀለ ጨረሰው። ባላችን ሞተ። እሷ ዛሬም ቆሎ ትቆረጥማለች። ለእኔ የምታኝክልኝ አንዲት የግራ መንጋጋ ቀርታለች፤ እሷም አመመችኝ። ጉንጬ አብጧል። ቀፊራ ገበያ ሄጄ ቅመሜን ልዘርጋ። ደንበኛ ሲያናግረኝ አፌን በሻሼ እሸፍናለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5። ከሰዓት።
ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ልጅ እግር ናት፣ ጨዋ። ይህቺ መሞላት ትችላለች አለችኝ። እዚህ ግን መንቀል ብቻ ነው፤ መሙላት የፈለገ የግል ክሊኒክ ይሄዳል። ያኔም መንቀል፣ ዛሬም መንቀል። ወረፋ የያዝነው ሁላችንም ጉንጫችንን ደግፈናል። ሳልነቀል ወጣሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7። 10 ሰዓት።
ዘይነባ ቤቷን ስታጸዳ ያገኘችውን የሟቹን ወረቀት በልጄ በሐዋ ላከችልኝ። ካርዱ አለበት። ፊደል የቆጠርኩት ስድሳን ካለፍኩ ነው። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። የእሱ ስም። ዘይነባ። ከሥሯ ሩቅያ።
ደገምኩት። ሩቅያ። እኔ።

ቅዳሜ። ረፋድ።
ሄጄ ጠየቅኋት። ካርዱን ሁለቴ ልኬልሽ ሁለቴም መልሰሻል አለች። እውነቷን ነው። ስሟን ልታሳየኝ፣ ልትኮራብኝ የላከችው መስሎኝ ነበር። አንብቡልኝ ማለት አፈርኩ፤ ማንበብ አለመቻሌን ጎረቤት እንዳያውቅብኝ። ለዚህች እፍረት ብዬ ያን ሁሉ ጥርስ አስነቀልኩ።
"ጥርስሽ ቢያልቅም ምላስሽ ይናከስ ነበር፤ ማን ደፍሮ ያስረዳሽ?" አለችኝ። "ሰኞ እኔን የሚያክመኝ ሐኪም ጋ አብረን እንሂድ፣ ልጄ ይከፍላል" አለች። በእሺታ ራሴን ነቀነቅኩ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ጠዋት።
ዘይነባ ባጃጅ ይዛ መጣች። ሐዋ በመስኮት አየቻትና "ሌባሽ መጣችልሽ" ብላ ሳቀች። ይህን ስም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ ሌላ ስም አታውቅላትም። ዘይነባ ሰማች። ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች፤ ግን አልሄደችም። ካርዱን ሐዋ እጅ ላይ አስቀመጥኩ፤ አንብቢው አልኳት። አንብባ ጣቷን ስሜ ላይ አሳረፈች።
ባጃጁ ይጠብቃል። ከዛሬ ወዲያ ዘይነባን ልጆቼ ፊት ሌባ አልላትም።