ነጭ ሽንኩርት የሸተተው ሲግናል ጄኔሬተር

ለውድ አባቴ ለአቶ መልከጼዴቅ፣

እንደምን ሰነበቱ አባዬ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ሳልዎስ ተወዎት? ጾሙ እንዳይጎዳዎት እሰጋለሁ። እኔ፣ ባለቤቴ ሐኒ፣ ልጃችን ሩሃማም ደኅና ነን፤ ፈጣሪ ይመስገን። ይህን በስልክ ያልነገርኩዎት እማዬ እንዳትሰማ ብዬ ነው።

ጡረታ ሲወጡ የሰጡኝን ሲግናል ጄኔሬተር መቼም አይረሱትም። የደንበኞቼን ሬዲዮ ጣቢያ እንዲይዝ የማቃናው በእርሱ ነው። ፍሪኩዌንሲው መዋዠቅ ስለጀመረ በጥር ወር የደረቁትን ካፓሲተሮች በሙሉ ለወጥኩ፤ የመሬት ሽቦ ያለው ባለ ሦስት እግር መሰኪያ ገጠምኩለት፤ በጎኑም ፍሪኩዌንሲውን በቁጥር የሚያሳይ መሣሪያ የሚሰካበት ቀዳዳ አበጀሁ። እንደ አዲስ ሠራ። ቢያዩት በብየዳ ካውያ አያያዜ ይስቁ ይሆናል እንጂ ሥራውን አይነቅፉም ነበር።

ባለፈው ሳምንት የአንድ የተጂ ከተማ ሽማግሌ ሬዲዮ ላቃና ብከፍተው ጭጭ አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ቴስተር ይዤ ዞርኩበት። ፊውዙ ደኅና፣ ትራንስፎርመሩ ደኅና፤ የራሴን ብየዳ ሳይቀር ጠርጥሬ ደገምኩት። በመጨረሻ ሞገዱን የምታመነጨውን አምፖል መሳይ ቫልቭ የሸፈነውን ቆርቆሮ ሳነሳ ሽታ መታኝ። የተቃጠለ ነገር ቢሸት ባልገረመኝ፤ ነጭ ሽንኩርት ነው! ውስጥ ያለችውም የእኛ ቫልቭ አይደለችም፤ ከአሮጌ ቴሌቪዥን የተነቀለች፣ የሞተች ናት።

ይህን ያደረገው ኤርምያስ ነው። አብሮኝ እንዲሠራ አደራ ብለው የላኩልኝ የገዛ ወንድሜ። አንድ የዱከም ደላላ በአሮጌ ቫልቭ ውስጥ በሚሊዮን የሚሸጥ ቀይ ሜርኩሪ አለ፣ ነጭ ሽንኩርት ሲያስጠጉበት ይሸሻል ብሎ አሳመነው። የእኛዋ ቫልቭ አናት ላይ ያለችው ብርማ ልባስ ሜርኩሪ መሰለቻቸውና ሰበሯት። አየር ሲገባባት ልባሷ ነጣ፤ ሌላ ምንም የለም። ስጮህበት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ሽንኩርቱን ስላበዛነው ሜርኩሪው በረረ አለኝ! አባዬ፣ አንገሸገሸኝ። አራት ዓመት ካውያ የያዘ ሰው! እሳት አመድ ይወልዳል ሲባል ቀልድ ይመስለኝ ነበር፤ ስለ አፌ ይቅር ይበሉኝ። አከራያችን ኦቦ ቢቂላ ሊያስታርቁን መጥተው፣ ዺሲ፣ ተወው፣ ወንድምህ ነው አሉኝ። እሺ አልኩ። እጁን ስጨብጠው ግን ቀፈፈኝ።

የተሰበረችው ቫልቭ አምሳያ በእርስዎ ትልቁ ሬዲዮ ውስጥ እንዳለች አውቃለሁ፤ እኔ ስጡኝ ብዬ አልጠይቅዎትም። የዓለምን ወሬ የሚሰሙት በእርሱ ነው። ኤርምያስ ግን ለፋሲካ ወደ እናንተ እመጣለሁ ብሏል። አራት ዓመት እናንተን ያልናፈቀ ልጅ ሰኞ ዕለት ቀስ ብሎ፣ የአባባ ሬዲዮ ቫልቮቹ ሁሉም አሉ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። እህቴን ዕድላዊትን ከነልጆቿ፣ ጎረቤቶቻችንንም ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ። ሩሃማ አያቴን ሳሙልኝ ብላለች።

ኤርምያስ ሲደርስ አቅፈው ይሳሙት፣ ዶሮውን ያብሉት፣ ይመርቁት፤ ልጅዎ ነው። ከሬዲዮው ጋር ግን ብቻውን አይተዉት።

ልጅዎ በሪሁን
ሰበታ፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.