የአውሮፕላኑን ጋቢና ፎቶ አራት ጊዜ ለመለሳችሁ ክቡራን መራጮች

ዲላ፣ ግንቦት 9 ቀን 2002 ዓ.ም.

ስሙን ለክብሩ ስል ለማልጠቅሰው ዓለም አቀፍ የአውሮፕላን ፎቶግራፎች ድረ ገጽ፣
ለምስል መራጭ ኮሚቴው የተከበራችሁ አባላት፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናችሁን፣ በተለይም የዓይናችሁን ጤና፣ አላህ እንዲጠብቅላችሁ እመኛለሁ። ከዲላ የተላከውን ፎቶ ጉድለት ከባሕር ማዶ ሆኖ የሚለቅም ዓይን በዋዛ አይገኝምና፣ አቧራ እንኳ እንዳይገባበት ነው ጸሎቴ።

እኔ ነስሩ ሙሐመድኑር እባላለሁ፤ በዲላ ከተማ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ የሚገኝ ፎቶ ቤት አለኝ። ታናሽ እህቴ ሐያት ባለ ሁለት ሞተር የመንገደኞች አውሮፕላን ረዳት አብራሪ ናት። የላክሁላችሁን ፎቶዎች በበረራ ላይ ሳለች ከኋላዋ ባለው ትርፍ ወንበር የተቀመጠ ቴክኒሻን ያነሳቸው ሲሆን፣ እኛ ሰፈር ጋቢና የምንለው የአብራሪዎች ክፍል ከነመሣሪያዎቹ፣ በመስታወቱ በኩል ደግሞ የጌዴኦ ተራሮችና የአባያ ሐይቅ ጫፍ ይታዩባቸዋል።

ይህን ያህል የምጨቀጭቃችሁ ዝና ፈልጌ አይደለም። አባታችን፣ ዲላ ውስጥ በጨርቅ ንግድ ያረጁት ሙሐመድኑር፣ ልጃቸው አውሮፕላን ታበራለች ሲባል ከሰሙ ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ ስልኳን አያነሱም። በሴትነቷ እንዳይመስላችሁ። አስተናጋጅ ነኝ ብትለኝ ሥራ ነው፣ እንጀራ ነው፣ እመርቃት ነበር፤ ያስቀየመኝ መዋሸቷ ነው ባይ ናቸው። በመጀመሪያው ሰሞን የደንብ ልብሷን ለብሳ ብትመጣ፣ ይህን ጨርቅ እኔም በሜትር እሸጠዋለሁ ብለው ፊታቸውን አዞሩባት። ፎቶዋን ሳሳያቸው ደግሞ ቀና ብለው እኔን አዩኝ፤ እኔም አንገቴን ደፋሁ። ምክንያቱም በዚህ ከተማ ሸራ ላይ ከተሳለ የአውሮፕላን ደረጃ ፊት ስንቱን እንዳቆምኩ፣ ከጎረቤታችን ከተማ ከፍስሐ ገነት ወጥቶ የማያውቀውን ሰው ካናዳ ፏፏቴ ሥር እንዴት አድርጌ እንደለጠፍኩት አባቴ አሳምረው ያውቃሉ።

በዚህ መሀል የኢንተርኔት ቤት ያለው ጎረቤታችን ኢዮስያስ፣ የተነካካ ፎቶ ጨርሶ የማይቀበሉ ሰዎች መኖራቸውን ነገራቸው። አባቴ ጥቂት አሰቡና፣ የማያውቁን ሰዎች አይተው ከመሰከሩ ስልኩን እኔው ራሴ አንስቼ እደውልላታለሁ ሲሉ ሱቁ ውስጥ በሰው ፊት ቃል ሰጡ። ይህን ለሐያት ስነግራት አለቀሰች። እንግዲህ የሦስት ዓመት ኩርፊያ በናንተ እጅ ወደቀ ማለት ነው፤ ሳታውቁት የሽምግልና ሥራ ስለተቀበላችሁ እያመሰገንኩ፣ ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. አድማሱ ዘሟል በማለት የመጀመሪያውን ፎቶ መልሳችኋል። እውነት ነው፣ ዘሟል፤ አውሮፕላኑ እየታጠፈ ነበርና። አብራሪዎቹ ለፎቶው ውበት ብለው ሳይታጠፉ ቀጥ ብለው ተራራው ውስጥ ባለመግባታቸው በእነሱ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ። የጌዴኦ ተራሮችም ከደጃችን ከጪጩ ተነስተው ሽቅብ ሲወጡ የኮሚቴውን ፈቃድ ባለመጠየቃቸው እንዲሁ።

2ኛ. ትእዛዛችሁን ተቀብዬ፣ ጋቢናውን ሳልነካ በመስታወቱ የሚታየውን ተራራ ብቻ ቆርጬ እንደ ጠረጴዛ አቃናሁትና መልሼ ላክሁ። እናንተ ግን ከመሣሪያዎቹ መካከል የአውሮፕላኑን ማጋደል የምታሳየዋን ክብ መሣሪያ አገኛችኋት። እሷ አጋድሏል ስትል ውጭው ቀጥ ብሏል፤ ፎቶው ተነካክቷል አላችሁ። ይህን በናንተ አላላክክም። ሃያ ዓመት የሰው ክራቫት ሲያቃና የኖረ እጅ የዘመመ ነገር ሲያይ አያስችለውም። ሆኖም መልሳችሁን ኢዮስያስ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነበው አባቴ አጠገቡ ነበሩ። ተነካክቷል የሚለውን ሲሰሙ መነጽራቸውን ኪሳቸው ከተው ወጡ፤ ለሳምንት ያህልም ሰላምታዬን አልመለሱም። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም። ለእህቴ እውነት ልመሰክር ሄጄ ውሸቷን ያጸናሁት እኔ ሆንኩ።

3ኛ. ምንም ያልተነካ ሌላ ፎቶ ብልክ ደግሞ፣ ውጭው በርቶ ውስጡ ጨልሟል ብላችኋል። ፀሐይ ውጭ መሆኗን ያስታወሳችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። በነገራችን ላይ አንዱን ፎቶ ከዲላ ለመላክ አርባ ደቂቃ ይፈጃል፤ መብራት ከሄደ ደግሞ እንደገና ከሀ ይጀመራል። የእናንተ መልስ ግን ሁለት መስመር ብቻ ናት። የጊዜ አጠቃቀማችሁን ሳላደንቅ አላልፍም።

4ኛ. የመጨረሻውን መልሳችሁን ከነክብሩ ቃል በቃል ወደ አማርኛ መልሼ አሰፍረዋለሁ። «የምስሉ ትኩረት በመሣሪያዎቹ ላይ መሆን ሲገባው በአብራሪዋ ፊት ላይ ወድቋል። በተጨማሪም በቀኝ ወንበር ያለችው አብራሪ አውሮፕላኑን እያበረረች ወደ ካሜራው ዞራ መሳቋ ከሙያው ሥነ ምግባር ጋር አይሄድም። አልተቀበልነውም።» ይህንንም ኢዮስያስ አነበበው፤ አባቴም አጠገቡ ነበሩ።

በዚህኛው ላይ ቅሬታ አለኝ ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ነገሩ የሆነው ግን እንዲህ ነው። አባቴ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አስነበቡት። ቀጥለው እነዚህ ሰዎች ሐያትን ያውቋታል ወይ ብለው ጠየቁ፤ ኢዮስያስ አያውቋትም አላቸው። ነስሩንስ ይወዱታል ወይ አሉ፤ እስካሁን ከጻፉለት አይመስልም ሲል በሐቅ መለሰ። አባቴ «አውሮፕላኑን እያበረረች» የምትለዋን ቃል ብቻ ለራሳቸው ደገሟት። ፎቶውን ከእጄ ተቀብለው መስኮት አጠገብ ወስደው አዩት፤ የሐያትን እጆች፣ የያዘችውን መሪ፣ ወደኛ የዞረ ፊቷን። ስልኬን ጠየቁኝ፤ ቁጥሩን መታሁላቸው።

እኔ ምርቃት ጠብቄ ነበር፤ ይቅር በይኝ ይሉ ይሆናል የሚል ተስፋም ነበረኝ። እሳቸው ግን ሄሎ ስትል እንኳ አልጠበቋትም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ለልጃቸው የተናገሩት የመጀመሪያው ቃል፣ ያን ሁሉ ሰው ጭነሽ፣ መሪ ይዘሽ፣ ወዴት ነው ዞረሽ የምትገለፍጪው፤ ፊት ፊትሽን እያየሽ ንጂ እንጂ የሚል ቁጣ ነበር። ከወዲያ በኩል ሐያት በተሰበረ ድምፅ፣ እሺ አባዬ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም አለች።

ስለዚህ የተከበራችሁ መራጮች፣ ልከራከራችሁ የጀመርኩትን ደብዳቤ በምስጋና ለመዝጋት ተገድጃለሁ። አንድም ፎቶዬን ሳትቀበሉ፣ አንዲት መልካም ቃል ሳይወጣችሁ፣ እኔ በሦስት ዓመት ልመና ያልሆነልኝን በአንድ ነቀፋ ፈጽማችኋል። ደግነት በልባችሁ ኖሮ ቢሆን ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

ከማይገባኝ ትሕትና ጋር፣
ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳችሁ፣ አራት ጊዜ የተመለስኩት፣
ነስሩ ሙሐመድኑር
የፎቶ ቤት ባለቤት፣ ዲላ

ማሳሰቢያ፦ አድማሱን ሳልነካ የፊቷን ብርሃን ብቻ ቀነስ ካደረግሁ ፎቶውን እንደገና ለማየት ፈቃደኛ መሆናችሁን የሚገልጸው የትናንቱ መልእክታችሁ ደርሶኛል። አደራችሁን እንዳትቀበሉት። አሁን እሺ ብትሉ አባቴ የሚጠረጥሩት እኔን ሳይሆን እናንተን ነው።