ቀብሬ ያሳደግኳቸው ጥንዚዛዎች

ሰኔ 24
ከምሠራበት ጸጉር ቤት ስገባ ጓሮ የተከልኩትን ድንች አየሁ። ቅጠሉ እንዴት ያምራል! ከሥሩ ግን ብርቱካንማ ፍሬ ነገር በተርታ ተጣብቋል... እንቁላል ነው? የምን? ደክሞኛል፣ ነገ አየዋለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ዛሬም መኪናውን መንገድ ላይ አቁሞ እየተነጫነጨ ገባ። ጓሮውን ሲሚንቶ አልብሶ መኪናውን ሊያቆምበት ነው የሚፈልገው። እማዬ ፈርዳለች። «አንድ ጊዜ ትሞክር። አንድ ቅርጫት ሙሉ ድንች ካወጣች ጓሮው የሷ፣ አለበለዚያ ያንተ።» እሱ ግን ሲሚንቶውን ከአሁኑ ገዝቶ ኮሪደሩ ላይ ደርድሮታል። መኝታ ቤቴ የምገባው ከረጢቱን ዘልዬ ነው።

ሐምሌ 2
ተፈለፈሉ። ቀይ፣ ጀርባቸው የጎበጠ ትሎች። ይበላሉ። ሌላ ሥራ የላቸውም። ጠዋት ያየሁት ቅጠል ማታ ጅማቱ ብቻ ቀርቷል። ጋሼ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «እያገዙኝ ነው፣ ጎበዞች!» ይላል። አናቴ ላይ ወጣ።

ሐምሌ 7
ቀኑን ሙሉ የሰው ጸጉር፣ ማታ የትል ለቀማ። ጥፍሬ ሥር ብርቱካንማ ቀለም ገብቶ አልለቅ አለ። አንዷ ደንበኛዬ፣ «አዲስ ቀለም ነው? ለኔም ቀቢኝ» አለችኝ። ምን ልበላት?

ጣሳው ሞላ። መጨፍለቁ ዘገነነኝ። እማዬ፣ «ቅበሪያቸውና ግልግል» አለች። እዚያው ድንቹ ዳር ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኳቸው። አፈሩን በእግሬ መታ መታ... ተገላገልኩ!

ሐምሌ 13
አንድም ትል የለም! ቅጠል ላይ የቀሩትም ጠፉ። ጋሼ መስኮቱን ዘጋ። ዛሬ ሲሚንቶውን የዘለልኩት እየዘፈንኩ ነው።

ሐምሌ 24
ምነው ያኔ ባልዘፈንኩ። ጠዋት የቀበርኩበት አፈር ተንቀሳቀሰ። ጥንዚዛ ወጣ። ክብ፣ ቢጫ፣ ጀርባው ላይ ጥቋቁር መስመር። ከኋላው ሌላ። ከዚያም ሌላ። ቀጥ ብለው ወደ ድንቹ!

የእርሻ መድኃኒት ሻጩ ጋ ሮጬ ሄጄ ነገርኩት። እስኪበቃው ሳቀ። «ትሉ ሲጠግብ ራሱ አፈር ውስጥ ይገባል እኮ። ጥንዚዛ የሚሆነው እዚያ ነው። አንቺ አልጋ አነጠፍሽለት።» ለካ የጠፉትም በገዛ እግራቸው ገብተው ኖሯል። ቀብሬ አሳደግኳቸው ማለት ነው? በንዴት አለቀስኩ።

እማዬ ደግሞ፣ «ቅበሪ አልኩ እንጂ እንዲመቻቸው አድርገሽ ቅበሪ መች አልኩ?» አለችኝ።

ነሐሴ 1
አሁን ደግሞ ይጋባሉ። በጠራራ ፀሐይ፣ ያለ ሀፍረት። ቅጠሉ ሥር እንደገና ብርቱካንማ እንቁላል። ከሀ ሁ ልንጀምር ነው!

ነሐሴ 4
አንዱ ጥንዚዛ መኪናው ውስጥ ገብቶ ጋሼ አንገት ላይ ተራመደ። ጩኸቱ!

ከሥራ ስመለስ ጓሮ አገኘሁት። የሳሙና ውሃ በባልዲ ይዞ ጥንዚዛ ይለቅማል። «ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ። ንቀውኛል» አለኝ። ጎን ለጎን ለቀምን። ያን ያህል ሳንጣላ አብረን የቆየንበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

መስከረም 20
ድንቹ ተቆፈረ። አብዛኛው ብይ ያክላል። ቅርጫቱ አልሞላም። እማዬ ቅርጫቱን አየች፣ እኔን አየች። ተሸነፍኩ።

ጋሼ የመጨረሻውን መደብ እየቆፈረ ድንገት ቆመ። «ነይ እስኪ።»

ታች አፈሩ ውስጥ ጥንዚዛዎቹ ተኝተዋል። ለከርሞ ሊነሱ!

«ሲሚንቶ ብናፈስባቸው ያልቅላቸዋል» አለ። እውነቱን ነው። አፍስስ ልለው ትንሽ ነው የቀረኝ።

«ለከርሞ እዚህ ሽንኩርት ብንተክልስ?» አልኩት። «ነቅተው፣ ተርበው፣ ድንች ብለው ሲወጡ...»

ጎንበስ ብሎ ጥንዚዛዎቹን አየ። ከዚያ ሳቁ መጣ። «ይህንንማ ሳላይ አልሞትም!» አፈሩን ቀስ አድርጎ መለሰባቸው። እማዬ ከበሩ ላይ፣ «እናንተ ልጆች አብዳችኋል» አለች።

መስከረም 23
ጋሼ ሲሚንቶውን ለጎረቤት ሸጠው። መኪናው መንገድ ላይ ነው፣ እሱም እየተነጫነጨ ነው። ኮሪደሩ ባዶ ሆነ። ማታ ስገባ ግን እግሬ ለምዶ ዘለልኩ።