ለምረቃው የት እንደምታድር

ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ዳገት ስትወጣ ድንጋይ ላይ እየተቀመጥክ ነው? ላሞቹ፣ እንሰቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው ወይ? እኔ ጌታ ይመስገን በሕይወት አለሁ። ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፣ የሰው ልጆች አስተምራለሁ፣ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ይህን ያህል ካልኩህ ደህና ናት ብለህ ውሰደው።

በስልክ ያልነገርኩህ ስልኬን አጵሎስ ስለሚያየው ነው። ልጄ ነው፣ ስጪኝ ሲለኝ እምቢ አልለውም። እምቢ ካልኩት የምትደብቀው ነገር አላት ይላል፣ እውነትም አለኝ። ስለዚህ ይህን በእጄ ጽፌ በገነቴ ልኬልሃለሁ። ገነቴ ከእኔ ጋር የቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ የምታገለግለው ሴት ናት፣ ያንተንም ወረቀት ያመጣችልኝ እሷ ናት። እናቷን ልትጠይቅ ሆመቾ ስትመጣ እጅህ ላይ ታደርስልሃለች። አንብበህ ስትጨርስ እሳት ውስጥ ጨምረው።

ሐዳሳ ለመመረቅ በመብቃቷ እንኳን ደስ አለህ። እናቷ ብትኖር ኖሮ በእልልታ ሰፈሩን ታደነቁረው ነበር። አንተም ያለ እናት አሳድገህ ለዚህ አድርሰሃታልና ልታያት ይገባሃል፣ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። የተናደድኩት በሌላው ነው። ከምረቃው ቀደም ብዬ እመጣለሁ፣ እንደ ድሮው አንቺ ጋ አርፋለሁ፣ ካልተመቸሽ ዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ክፍል ፈልጊልኝ ብለህ ጽፈሃል። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ወረቀቱን ጨብጬ ወረወርኩት፣ በኋላ አንስቼ እያለቀስኩ አስተካከልኩት። አንቺ ጋ ትላለህ? የእኔ ቤት እኮ የባሌ የአክሊሉ ቤት ነው። አክሊሉን የገደለው ደግሞ ልጅህ ነው።

ሽማግሌዎቹ መቀመጥ ጀምረዋል፣ ደግሞም ወንጌል የተቀበልን ሰዎች ነን ብለሃል። አዎ፣ ተቀብለናል። የባሌ ወንድሞችም ተቀብለዋል፣ እሁድ እሁድ ከፊት ወንበር አይጠፉም። ግን እርቅ አልወረደም። እርቅ ሳይወርድ የገዳይ ወገንና የሟች ወገን አንድ ጣሪያ ሥር አያድርም፣ ከአንድ ምንጭ አይጠጣም፣ አንድ ገበያ ላይ አይገናኝም። አንተ ራስህ በሰው ጉዳይ ሽማግሌ ሆነህ ስትፈርድበት የኖርከው ነገር ነው። እናንተ ሆሳዕና እንዳትረግጡ፣ እኛም ሆመቾ እንዳንደርስ ተብሎ መንገድ ተከፍሏል። በእኔ ጉዳይ ግን ሽማግሌዎቹም ግራ ገብቷቸው ነበር፤ ከእናንተ ተወልጄ ወደ እነሱ የተዳርኩ ነኝ። ልጇ ካለበት ወገን ናት አሉና ተገላገሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ የሟች ወገን ነኝ። ከአባቴ ጓሮ የመጣ ቆጮ መቅመስ አልችልም። አንተ ደግሞ እስከ ዛሬ የእህት ቤት ሁልጊዜ የወንድም ቤት ይመስልሃል።

ስለዚያ ቀን ተነጋግረን አናውቅም። ዛሬ ልናገረው። የመስቀል በሬ ነበር። በማኅበር የገዛችሁት በሬ ሲታረድ እንደየዓመቱ አክሊሉን ጠራችሁት፣ እሱም አዲሱን ጃኬቱን ለብሶ ሄደ። ሥጋው ሲከፋፈል ልጅህ አሞጽ የደረሰኝ መደብ አነሰ ብሎ አጉረመረመ። ባሌም አፉ አያርፍምና፣ የአባትህን ባሕር ዛፍ ሸጠህ ቤቲንግ ቤት ያስገባኸው አይበቃህም ወይ አለው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። የአክሊሉን አፍ የማውቀው እኔ ነኝ፤ በዚያ አፉ የተነሳ እኔም ልገድለው የፈለግኩበት ቀን ብዙ ነው። ግን የእኔ እጅ ላይ ቢላ አልነበረም። አሞጽ እጅ ላይ በሬው የታረደበት ቢላ ነበር።

ከጎድኑ ሥር ገባ። አክሊሉ አልጮኸም አሉኝ። የተቀደደውን ጃኬቱን አየና በሬው ደም ላይ ቁጭ አለ። አሞጽ ቢላውን ነቅሎ እንደገና ወጋው፣ ይህንን ሰዎች ሊደብቁኝ ሞክረው ነበር፣ ሬሳውን ያጠብኩት እኔ መሆኔን ረስተው። የባሌ ደምና የበሬው ደም ተቀላቅሎ ሲፈስ ውሻ መጥቶ ይልሰው ነበር። አንተ ደግሞ እጅህን ብትዘረጋ የምትደርስበት ቦታ ላይ የበሬውን እግር ይዘህ ቆመህ ነበር። ለቅቀኸው የልጅህን እጅ ብትይዝ ምን ነበረበት? በየቀኑ ይህን እጠይቅሃለሁ። መልሱን አትጻፍልኝ፣ ማወቅ አልፈልግም።

ልጅህን እጠላዋለሁ። እስር ቤት ሆኖ ታሟል ሲሉኝ ደስ ብሎኛል፣ ይህንንም ለጌታ ነግሬዋለሁ። አንተን ግን መጥላት አቃተኝ። ሞክሬያለሁ። ፊደል ያስቆጠርከኝ፣ ትምህርት ቤት ስሄድ ወንዝ በትከሻህ ያሻገርከኝ ሰው ነህ፣ በምን አንጀቴ ልጥላህ።

አሁን ወደ ጠየቅከኝ ልምጣ። ዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ አይሆንም። በእርግጥ ለወላጅ ከዚያ የሚሻል ሰፈር የለም። የምረቃ ሰሞን ሰዉ ሳሎኑን ሳይቀር ያከራያል፣ ንጹሕ ነው፣ ጠዋት በእግርህ ትገባለህ። ግን እዚያ በር ላይ የሚሰለፈው ባለባጃጅ ሁሉ የአጵሎስ ጓደኛ ነው። አጵሎስም አባቱ ከሞተ ወዲህ ባጃጅ ነው የሚነዳው። ፎቶህ ሁሉም ስልክ ላይ አለ። ጎፈር ሜዳ ደግሞ የባሌ ወንድሞች ሰፈር ነው፣ ስሙንም አታንሳ።

መናኸሪያው አካባቢ ብዙ አልጋ ቤት አለ፣ እዚያ ተደባልቄ አድራለሁ ብለህ እንዳታስብ። ባለፈው ወር ከዱራሜ የመጣ አንድ ነጋዴ፣ ቁመቱ ያንተ፣ ሽበቱም ያንተ የሆነ ሰው፣ ከሚኒባስ ወርዶ ሻይ ሊጠጣ እንደተቀመጠ ይኸው እሱ ነው ተባለ። በድንጋይ አገጩን ሰበሩት። ከወደቀ በኋላ ፊቱን ረገጡት፣ አንድ ዓይኑ ጠፋ። ሰውየው እኔ ከምባታ ነኝ፣ ማንንም አላውቅም እያለ ይምል ነበር፣ እነሱ ይመቱታል። መጨረሻ ላይ መታወቂያውን ከኪሱ አውጥተው ስሙን ሲያነቡ ተበተኑ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ባለሻይ ቤቷ አስፋልቱ ላይ ውኃ ትደፋ ነበር፣ ጥርሱ ከውኃው ጋር ወደ ቦይ ሲሄድ አይቻለሁ። አጵሎስ እቤት ሲመጣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ራሱ አጠበው። ልጄ ጫማውን ራሱ ሲያጥብ ከዚያ ቀን በፊት አይቼው አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ተገኘ መጣ። የአክሊሉ ታላቅ ወንድም፣ ያ ሠርጋችን ላይ ሲጨፍር ሱሪው የተቀደደው፣ ያን ጊዜ ስንት ስቀንበታል። ምረቃው እንደደረሰ ያውቃል። ልጁን የማያስመርቅ አባት የለም፣ የት ነው የሚያርፈው ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። ለአንቺ ሳይነግር አይመጣም አለኝ። አላውቅም አልኩት። በቡጢ አፌን መታኝ፣ የፊት ጥርሴ ወለቀ። ስወድቅ ሆዴን ረገጠኝ፣ ፀጉሬን ይዞ ጭንቅላቴን ከወለሉ ጋር አጋጨው። አጵሎስ ግድግዳውን ተደግፎ ያይ ነበር። ከእናቱ ወገን የወረሰው ነገር ቢኖር ቆሞ ማየት ነው ብዬ በልቤ ተሳደብኩ፣ ይቅር በለኝ። ለተማሪዎቼ ከደረጃ ወደቅኩ ብያቸዋለሁ።

ከዚያ ተነስቼ ነገርኳቸው። አዎ፣ ነገርኳቸው። ቦቢቾ ሰፈር ነው፣ የወይዘሮ እህተማርያም ፔንሲዮን፣ በጓሮ በኩል መጨረሻው ክፍል፣ በምረቃው ዋዜማ እዚያ ያድራል አልኩ። አትደንግጥ፣ ጨርሰህ አንብብ።

ተገኘ ደስ አለው። እዚያው እኔ ደሜን እየተፋሁ ተማከሩ። ቀድሞ የሚገባው አጵሎስ ነው፣ የአባት ደም የልጅ ነው ተባባሉ። ልጄ እሺ አለ። ድምፁ እንደ አባቱ ወፍሯል፣ ግን እሺ ሲል ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ እናት ስለሆንኩ ሰማሁት። አሁን ገጀራውን ስሎ ከአልጋዬ ሥር አስቀምጦታል። እንዳልነካው ብሎ አይደለም እዚያ ያኖረው፣ እንደማልነካው ስለሚያምን ነው።

ለፖሊስ ልናገር አስቤ ነበር። ብናገር ልጄን ያስሩታል፣ ተገኘም ሌላ ቀን ይጠብቅሃል። አትምጣ ልልህም አስቤ ነበር። ግን ብሞትም እመጣለሁ ብለህ ጽፈሃል፣ አንተ ደግሞ እንዲህ ካልክ በገመድ ቢያስሩህም ትመጣለህ። ስለዚህ ሁለታችሁንም ላድን ነው የተነሳሁት፤ አንተን ከመሞት፣ ልጄን ከመግደል። እርቅ ከመውረዱ በፊት ሌላ ደም ከፈሰሰ ሐዳሳም አጵሎስም ልጅ ወልደው ለልጆቻቸው ያወርሱታል።

የምታድረው አዲስ ከተማ ሰፈር ነው፣ አቶ ወንዳፈረው ቤት። ማዘጋጃ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ከሰሜን መጥተው እዚሁ ያረጁ ሰው ናቸው። ከእኛም ከእናንተም አይወለዱም፣ ለማንም አይወግኑም፣ የሠፈሩ ሰውም ቢሆን እኛን አያውቅም። ነገሩን ሳልደብቅ ነግሬያቸው ይምጣ ብለውኛል። በሐዋርያት ጾም ላይ ናቸውና ሽሮ በልተህ ትተኛለህ፣ ሥጋ አምጡ ብለህ እንዳታሳፍረኝ። መናኸሪያ እንዳትገባ፣ ከተማው ሳይደርስ ውረድና ጠብቅ፣ እሳቸው በመኪናቸው መጥተው ይወስዱሃል። ጠዋትም በመኪናቸው አብረውህ ይገባሉ፤ የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ፍተሻ ስላለ ስለት ይዞ የሚገባ የለም። ሐዳሳን አቅፈህ፣ ፎቶ ተነስተህ፣ ሳትውል ሳታድር ተመለስ። እሷንም ይዘሃት ሂድ።

ግቢው ውስጥ እኔን አትፈልገኝ። ሐዳሳ አክስቴስ ብትልህ ሥራ ይዟት ነው በላት። የአንገት ሐብሌን በገነቴ ልኬላታለሁ፣ ከወረቀቱ ጋር በጨርቅ ተጠቅልሏል። ታድርገው፣ ለበዓል ብቻ ብላ እንዳታስቀምጠው።

ገነቴ ስትመለስ ካፖርትህንና ያንን የዝናብ ባርኔጣህን ስጣት፣ አደራ እንዳትረሳ። የቦቢቾውን ክፍል በስምህ ይዤዋለሁ፣ በዋዜማው ማታ እነሱን ለብሼ እገባበታለሁ። ወይዘሮ እህተማርያምን ከጎኑ ያለውን ክፍል ለሰው እንዳታከራይ ለምኛት እሺ ብላኛለች፣ ለምን ብላ አልጠየቀችም፣ ግን የወለቀውን ጥርሴን ቦታ አይታ እጄን ያዘችኝ። መብራቱ ገና በጊዜ ይጠፋል፣ አንተ ቶሎ የምትተኛ ሰው መሆንህን ያውቃሉ። በሩን ከውስጥ አልቆልፈውም፤ ልጄ በር ለመስበር ሲታገል ንዴቱ እንዲብስበት አልፈልግም። ሲገባ በስሙ እጠራዋለሁ። ድምፄ ካልወጣልኝ ግን፣ ከመሰንዘሩ በፊት ብርድ ልብሱን እንዲገልጠው ጸልይልኝ።

ወንድሜ፣ በክፉም በደግም አልቅሼብህ አላውቅም፣ አሁንም እያለቀስኩ አይደለም። አባታችን ሲባርከን እንደሚለው ቤትህ አይጉደልብህ፣ ከብትህ ይርባልህ፣ የሐዳሳ ልጆች ጉልበትህ ላይ ይጫወቱ። የሰላም አምላክ በመንገድህ ሁሉ ይቅደምልህ። አንድ ነገር ብቻ ቃል ግባልኝ፣ መልስ ባትጽፍልኝም ግባልኝ። ከምረቃው በኋላ አጵሎስ ብቻውን፣ ባዶ እጁን፣ ወደ ሆመቾ ከመጣ በርህን ክፈትለት። ውኃ ስጠው፣ አስተኛው። ምን አድርጎ እንደመጣ አትጠይቀው። ሽማግሌዎች መጥተው የማን ደም ነው ካሉህም፣ የእኔ ወገን ደም ነው፣ እኔ ግን አልጠይቅበትም በላቸው። የእህትህ ልጅ ነው።

ታናሽ እህትህ